እትዬ መጋረጃ ያልገቡበት ቤት

ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ዳቦ ቤት የተከፈተ ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ከሰልፉ ፊት አንዲት ቀጭን፣ ጠይም ሴትዮ ቆመዋል። በሩ ሲከፈት ግን ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና «ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ አልቸኩልም» እያሉ ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ አሳለፉ። ልጅ ያዘለች እናት ስትመጣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተራዋ እስኪደርስ አስጠለሏት። ባለ ዳቦ ቤቱ «እናቴ፣ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነበሩ እኮ!» ቢላቸው «መጀመሪያ መድረስ ለሯጭ ነው» ብለው አሳቁት። በመጨረሻ ሁለት ዳቦ ገዝተው ሄዱ። እኔም «ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ትሕትና ለእኔም ስጠኝ» ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

ማን እንደሆኑ ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። ከብዙ ዓመት ኪራይ በኋላ እግዚአብሔር ረድቶን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዝተን ነበር። መጋረጃ የሚሰፋልኝ ሳፈላልግ የጠየቅሁት ሁሉ «እትዬ መጋረጃ ጋ ሂጂ» አለኝ። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም።

ሱቃቸው ኮሪደር ነው የሚመስለው፤ ጠባብና ረጅም። ጥቅል ጨርቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ በእግር የሚሠራው የስፌት መኪና በሩ አጠገብ ብርሃን ፍለጋ ተጠግቷል። ሳያቸው እኚያ የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ናቸው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው፤ ጠመኔው ጆሯቸው ላይ።

«ልኩን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ መጥተው ቢለኩልኝ አይሻልም?»

«እኔ ሰው ቤት ሄጄ አልለካም፤ ባልሽ ይለካ። ደግሞ ንገሪው፤ ጨርቁ የመስኮቱ እጥፍ ካልሆነ የተራበ ውሻ ጎን ነው የሚመስለው።»

«ባለቤቴ ሜትር ሲይዝ እባብ የያዘ ነው የሚመስለው፣ እትዬ።»

ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው አደፋፈረኝና «እሁድ ቤታችንን ልናስባርክ ነው፤ ይምጡና አብረውን ይጸልዩ፤ በዚያው ይለኩልናል» አልኳቸው።

ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ቤት ሊባረክ ነው ብለሽ እኔን ትጠሪያለሽ?»

ቤት ማስባረክን የማይወዱ መሰለኝ። በዚያ ሳምንት በዚህ ነገር ብዙ ክርክር ሰምቼ ነበር። አንዷ ወዳጄ «የሚባረከው ሰው ነው እንጂ ግንብ አይደለም» ትላለች። ሌላዋ «ፍጥረት ሁሉ በጸሎት ይቀደሳል፤ ግንቡስ የማን ፍጥረት ነው?» ትላታለች። የባለቤቴ አክስት ደግሞ አራቱም ማዕዘን ጸበል ካልተረጨ እዚያ ቤት እንደማያድሩ ቁርጡን ነግረውናል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅሁም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ ሳሰላስለው ግን ሦስቱም የሚለምኑት አንድ ነገር ሆኖ ነው የታየኝ፤ ከእኛ በፊት እርሱ ይግባ ነው። ይህንኑ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«በረከት መች ጠላሁ፣ ልጄ? እኔ የጠላሁት የገዛ እግሬን ነው።»

የቀረውን በዚያ ቀን፣ ልኩን ይዤ በተመለስኩ ቀንና የተሰፋውን ልወስድ በሄድኩ ቀን ነገሩኝ።

ገና በልጅነታቸው ነው የተዳሩት። ሙሽራ ሆነው አማቾቻቸው ቤት በገቡ ሳምንት የባላቸው አባት ጣራ ሊጠግኑ ወጥተው ወደቁና በዚያው ሞቱ። የባላቸው እናት በሐዘን መካከል «የዚች ልጅ እግር ደረቅ ነው፤ ገና ስትገባ ቤቴን አደረቀችው» አሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባላቸውም ሞተ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ማንም አልደገመውም። የተናገሩት ሴትዮ ራሳቸው ረስተውት፣ ሲያረጁ የጦሯቸው እትዬ ናቸው፤ የሞቱትም እየመረቋቸው ነው። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«ሌላው ሰው ረሳው፤ እኔ ግን እንደ ስሜ ያዝኩት» አሉኝ። «አዲስ ሙሽራ ቤት አልገባም። አራስ ስትጠየቅ በር ላይ ሰጥቼ እመለሳለሁ። አዲስ ሱቅ ከሆነ ሰው አስቀድማለሁ። ይኸው ሰው ትሕትና ይለዋል።»

ዳቦ ቤቱ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ወንድም አላቸው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበርና ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ይህ ወንድማቸው የዛሬ አራት ዓመት ከሱቃቸው በላይ ባለው መንገድ ቤት ገዛ። ደስታውን መጀመሪያ ያበሰረው ለእሳቸው ነው። «እታለም፣ አንቺ ገብተሽ ሳትመርቂው ቄስ አላስገባም» አላቸው።

«ደስታዬን ብታዪው! ደስ ባለኝ መጠን ፈራሁ። ያንን የሚያህል ልፋት በእኔ እግር ይድረቅ?»

መጋረጃውን ሰፍተው ላኩለት። ልኩን የላከችው ሚስቱ ነበረችና አጠረ። «እታለም፣ መስኮቴን ቁምጣ አልብሰሽዋል፤ ነይና ራስሽ ለኪው» ብሎ ቀለደባቸው። አልሄዱም። የቡራኬው ቀን ተቆረጠ፤ ራሴን አመመኝ አሉ። በእሳቸው ምክንያት ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ፤ ሥራ በዛብኝ አሉ። በሦስተኛው ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ወንድምዬው በር ላይ አቁሟቸው ሚስቱን ላከ። እትዬ ሚስትዬዋ ስትመጣ አይተው የሱቁን በር ከውስጥ ቀረቀሩ፤ የስፌት መኪናውንም አቆሙ።

«አንኳኳች፣ አንኳኳች። ዝም አልኩ። ለካ የመኪናው ድምፅ ሲቆም ሰምታለች።»

ቄሱ የሌላ ቤት ቀጠሮ ስለነበራቸው ጸሎቱ ተደረገ። ወንድማቸው አሜን ሲል ድምፁ አልወጣም ብለው ሰዎች ነግረዋቸዋል። ማታውኑ ሱቁ ድረስ መጣና መንገድ ላይ ቆሞ «ለሰው ሁሉ ቤት ትሰፊያለሽ፤ የኔ ቤት ሲሆን አቃረሽ። ቀናሽብኝ፣ እታለም። ባሳደግሽኝ እጅ ቀናሽብኝ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይላቸውም።

«ለምን እውነቱን አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«ምን ልበለው? እግሬ ደረቅ ነው ልበለው? ከተናገርኩት ቃሉ ቤቱ ይገባል ብዬ ሰጋሁ።»

ከዚያ ፈገግ አሉ። «እግዚአብሔር ግን ቀልድ ያውቃል። በዚያው ክረምት ጣራው አፈሰሰ! ቀጥሎ ሴት ልጁ እጇን ተሰበረች። ቀጥሎ እሱ ከሥራ ተቀነሰ፤ ኋላም የተሻለ ሥራ አገኘ። እኔ ጉድ አልኩ፤ እግሬ ደጁን ሳይረግጥ!»

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ይዘው ቄሱ ዘንድ የሄዱት። ቄሱም «ልጄ፣ ደረቅ እግር የሚባል ነገር ማን አስተማረሽ? ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በምትገቡበት ቤት አስቀድማችሁ ሰላም በሉ አላቸው እንጂ እግራችሁን መርምሩ አላላቸውም። ያን ቀን ውሃውንና መስቀሉን እኔ ይዤ ነበር፤ ያሳደገችው እህት ምርቃት ግን እኔ ዘንድ የለም። እሱን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ በር ዘግተሽበት» አሏቸው።

«ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ እትዬ። «ለወንድሜ በረከት የራራሁ መስሎኝ በረከቱን የከለከልኩት እኔው።»

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? አሁንም እኮ ሰፈርዎ ነው» አልኳቸው።

«ያ ተረት ለእኔ ዘግይቶ መጣ። ደረቀም፣ ሊርቅም ነው።»

ለካ ወንድማቸው ቤቱን ሸጦ ሚስቱ የተወለደችበት ከተማ ሊገባ ነው። ገዢው ቀብድ ከፍሏል፤ ወሩ ሲያልቅ ቁልፍ ይረከባል። እትዬ ይህን የሰሙት ከጎረቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ታክሲ መያዣው ላይ አግኝተውት ሊነግሩት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ተሳፈረ።

የእኔን መጋረጃ አጣጥፈው በወረቀት ጠቀለሉት። ሊሰጡኝ ከዘረጉት በኋላ ግን አለቀቁትም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ አነጋገር ታውቂያለሽ፤ እኔ ብሄድ ቤቱ ሲሸጥ ጊዜ መጣች ነው የሚለኝ። ሂጂልኝ። እህትህ ቀንታ አይደለም፣ ፈርታ ነው በይው። የፈራሁትንም ነገር ንገሪው፤ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ቢቆጣ አትመልሺለት፤ የሱ ቁጣ ከልጅነቱም ሻይ እስኪበርድ ነው። ከዚያ ቤቱ የሰው ሳይሆን አንድ ቀን ገብቼ ልመርቀው ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ዛሬ እቤት ነው አሉ። ትሄጂልኛለሽ?»