«ግፉኝ»

ልጅ ሳለሁ ዓባይ ማዶ መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነበር። አባባ ከጥቂቶቹ አንዱ ቢሆንም የእሱን መኪና፣ መኪና ብሎ ለመጥራት የሚደፍረው ሁሉም አልነበረም። ትንሽ፣ ርካሽ፣ ከስንት ሰው እጅ ዞራ የመጣች ነበረች። ካልተገፋች ስለማትነሣ ሰፈሩ «ግፉኝ» አላት። አባባ ጡሩንባዋን ሲነፋ ጎረቤቱ እየሳቀ ወጥቶ ይገፋታል።

ያኔ ምሽት ላይ፣ የከሰሉ ፍም አመድ ሲለብስ፣ አባባ በኩራዝ ብርሃን የግፉኝን ገድል ይተርክልናል። ጎረቤታችንን እትዬ ዘነቡን ምጥ ሲይዛቸው ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው እሷ ነበረች፤ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች የተቀበሩበትን ጭቃም በጎን አልፋዋለች። እናቴ ከጓዳ ሆና «ገበያ መሐል የገተረችኝንስ ለምን አትነግራቸውም?» ትለዋለች። እኔ የማምነው አባባን ነበር።

አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለውትድርና አፈሳ ተጀመረ ተባለ። አባባ ታላቅ ወንድሜን ጥላሁንን ከከተማው ወደብ ተነሥታ ሐይቁን አቋርጣ ወደ ደልጊ በምትሄደው ጀልባ ሊያሸሸው አሰበ። ወደ ወደቡ የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ ስላለ በእግር የሚሞከር አልነበረም፤ ከኋላ ወንበር ሥር አስተኝቶ ጋቢ አለበሰው። ከዚያ ጡሩንባውን ነፋ።

ማንም አልወጣም። ደግሞ ነፋ። የእትዬ ዘነቡ በር ገርበብ አለና ተመልሶ ተዘጋ። እኔና እናቴ ብንገፋ ጭቃው እግራችንን ያዘው፤ ግፉኝ ንቅንቅ አላለችም። ጥላሁን አላስቻለውም፤ ወርዶ ትከሻውን ሰጣት። ለአፈሳ የወጡት ታጣቂዎች የያዙት እየገፋ ሳለ ነው። አባባ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። እኔም ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አልቻልሁም።

ወንድሜ እንደወጣ ቀረ። መርዶው የመጣ ዕለት ጎረቤቶቻችን ቤታችንን ሞሉት። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ያን ቀን...» ሲሉ አባባ አላስጨረሳቸውም።

«መኪናዋ ናት የከዳችን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ገድሏን አልተረከም። ሰው በመጣ ቁጥር የማትረባ መሆኗን ይናገራል፤ ጎረቤቱም እፎይ ብሎ ይቀበለዋል። ያኔ በጣም ተናድጄበት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እነሱም ጓዳቸው የደበቋቸው ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ እኛም ከእነሱ ጋር መኖር ነበረብን። አባባ እስኪሞት ድረስ መኪናዋን አማ። ጎረቤት ሲያማ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።