የአቡጀዲው ዐይን

ባለፈው ሳምንት ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አዲስ የተከፈተው ባንክ በር አልከፈት አለኝ። እጀታ የሌለው የመስታወት በር ነው፤ ሰው ሲጠጋው ራሱ ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ከፊቴ የነበረችው ሴት ገና ሦስት እርምጃ ሲቀራት ተከፈተላት። እኔ ስደርስ ዝም አለ። ወደ ኋላ ብዬ ደግሜ ተጠጋሁ፤ አሁንም ዝም። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«አባባ፣ እዛ ላይ ዐይን አለችው። አላየችዎትም አቦ፣ እጅዎን ወዝወዝ ያድርጉላት» አለኝ።

ወዘወዝኩላት፤ ተከፈተ። ሰማንያን ያለፈ ቀጭን ሽማግሌ ባንክ በር ላይ ቆሞ ማንም በሌለበት እጁን ሲያውለበልብ ያየ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ገብቼ ተራ ያዝኩ፤ ልቤ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ዐይኗ ጥቁር ናት፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። እኔና አብዲ የሠራናት የሻይ ብርጭቆ ታህል ነበር።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ወላጆቼ አርፈው፣ ከዚራ ውስጥ በረንዳ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ አቡጀዲ ማየት ነው። ይህም ሥራ ሆኖ ነው የሚለኝ አይጠፋም። በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ዘንበል ያለ የመስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ከሥሩ መብራት ይበራል፤ ነጩ አቡጀዲ በላዩ እየተሳበ ያልፋል፤ እኔ ቀዳዳ፣ የተበጠሰ ድር፣ የዘይት ጠብታ ስፈልግ እውላለሁ። ያገኘሁ እንደሆነ ማሽኑን አቁሜ ዳሩ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ከሰዓት በኋላ ዐይኔ እንባ ያቀራል። ወደ ቤቴ ስመለስ የከዚራ ዛፎች ሁሉ ነጭ ሆነው ይታዩኝ ነበር።

አብዲ የምድር ባቡር ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሶማሌ ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ከእናቱ ጋር፣ ዝናብ ካልመጣ ደረቅ አሸዋ ከሆነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ይኖራል። የተዋወቅነው ሲኒማ ቤት ነው። አንድ እሑድ የፊልሙ ድምፅ ድንገት ጠፋና ሰው ሁሉ ማፏጨት ጀመረ። እጅጌውን የሰበሰበ ረጅም ሰው ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ። ስንወጣ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። ከኪሱ አንዲት የተቃጠለች ብርጭቆ መሳይ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ፎቶ ሴል ነው ስሟ። ፊልሙ ዳር ላይ ያለውን ድምፅ የምታነበው እሷ ናት። ብርሃን ስታይ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ ሲጨልምባት ትተዋለች» አለኝ።

«አቡጀዲ ላይ ያለ ቀዳዳስ ታያለች?»

«ብርሃን ካሳለፈ? ወላሂ ታያለች።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ የኛ ቀን ሆነ። ጠዋት ከመሞቁ በፊት አብዲ የደቻቱን አሸዋ አቋርጦ ይመጣል። በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፈቲራ አለ፤ ማሩ ወረቀቱን አልፎ ጣቱን ያጣብቀዋል። እኔ ሻይ በወተት አፈላለሁ። በረንዳዬ ላይ ከመጥረጊያ እንጨት ሁለት መጠቅለያ ሠራን፤ ከፋብሪካው የተጣለ ብጣሽ አቡጀዲ በመሐላቸው እናዞራለን። ከሥሩ መብራት፣ ከላዩ ዐይኗ፣ ከዐይኗ ቀጥሎ አብዲ ያመጣው አሮጌ ደወል። እኔ አማርኛ፣ እሱ ሶማሊኛ፣ ሲቸግረን ሁለታችንም ፈረንሳይኛ እንናገራለን፤ እኔ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ እሱ ከባቡሩ የተማርነው ነው። ስንት እሑድ እንደፈጀብን አላስታውስም። አንድ ቀን ግን የምስማር ቀዳዳ የምታህል ክፍተት በመብራቱ ላይ ስታልፍ ደወሉ ቅጭል አለ። መልሰን አዞርነው፤ መልሶ ቅጭል አለ። አብዲ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ ዐይኔን ይዤ አለቀስኩ፤ ከድካም ይሁን ከደስታ ዛሬም አልለየሁትም።

አገራችን ያን ጊዜ የፈጠራ መብት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበራትም። አንድ ነገር ሠራሁ የሚል ሰው ቢበዛ ጋዜጣ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ቀድሞ የሠራሁበት የትራንዚት ቤት ኃላፊ፣ አንድ ሽማግሌ ግሪክ፣ ባሕር ማዶ ጠበቃ ያውቅ ነበርና በእሱ በኩል ወደ አውሮፓ እንድንልክ መከረን። እዚያ መርማሪ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ የሚመጣውን ማመልከቻ ሁሉ ቃል በቃል ያነባሉ፤ ከዚህ በፊት ከቀረበው ጋር ያስተያዩታል፤ አዲስ ከሆነ ብቻ መብቱን ይሰጣሉ። ማመልከቻውን በፈረንሳይኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አብዲ አጠገቤ ተቀምጦ እያረመኝ፣ የረሳሁትን እየጨመረ አብረን ጨረስነው። ሁለታችንም ፈረምን። ፋብሪካዬ እንዳይሰማ ፈርቼ አድራሻውን በአብዲ ፖስታ ሣጥን አደረግነው። ሐምሌ ውስጥ ላክነው።

ነሐሴ ሲገባ ከተማው ውስጥ ወሬ ተነሳ፤ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ጎርፍ ሐዲዱን ሰብሮ የፖስታው ፉርጎ ውሃ ገብቶበታል ተባለ። ትራንዚት ቤት በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰነድ ሁለት ጊዜ እንደሚላክ ነው። ዋናው በዛሬው ባቡር፣ ግልባጩ በሚቀጥለው። አንዱ ቢጠፋ ዕቃው ወደብ ላይ አይበሰብስም። ድሬ ላይ ሰነድ ደግመህ ላክህ ተብሎ የተቆጡት ሰው አላውቅም፤ የሚቆጡት ያልደገመውን ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡር ሊነሳ ነው ሲባል ደግሜ ለመላክ ቁጭ አልኩ።

ግልባጭ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። እየጻፍኩ ሳለ ግን አሻሻልኩት። አንድ ዐይን ቀዳዳ ታያለች፤ የዘይት ጠብታ ግን ታመልጣታለች። ሁለተኛ ዐይን በሰያፍ ብትቆም ከጨርቁ ላይ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን እያየች እድፉንም ትይዛለች። ሐሳቡ እጅግ አስደሰተኝ። የራሴ ነው ብዬ አመንኩ።

ባቡሩ በማግስቱ ጠዋት ይነሳል። የአብዲን ፊርማ ለማስፈረም ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። ደቻቱ ግን የሐረርን ተራራ ዝናብ ይዞ መጥቷል። ገና ሳልደርስ ድምፁ ተሰማኝ፤ ስደርስ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ውሃ ነው፤ ዛፍ ከነሥሩ ይነዳል። ሰው በወዲያና በወዲህ ቆሞ ይተያያል። የሚሻገር የለም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ፈረምኩ። ፊርማውና ጽሑፉ እንዲስማሙ ብዬ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ቀይሬ ጻፍኩት፤ «ፈጣሪዎች» የሚለው ላይ የኔ ስም ብቻ ቀረ።

ምክንያቴ ደቻቱ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ስሜን ብቻውን ተጽፎ ማየት ስላማረኝ ነው። ወላጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ ጨርቅ ላይ አፍጥጬ የምውል ሰው ነበርኩ፤ አንድ ነገር የኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ። ጎርፉ ጎድሎ አብዲ ሲመጣ፣

«ግልባጩን ልኬዋለሁ» አልኩት።

«አበጀህ» አለኝ፤ ፈቲራውን ቆርሶ ሰጠኝ።

መልሱ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። አድራሻው የእሱ ነውና ፖስታው የደረሰው ለአብዲ ነበር። እሑድ ጠዋት እንደወትሮው መጣ። ፈቲራ አልያዘም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ቀስ እያለ በፈረንሳይኛ አነበበልኝ። መርማሪው የጻፈው ቁጣ የሌለበት ነገር ነው። ሁለቱም ማመልከቻዎች ደርሰዋል። የሚጠይቁት አንድ ፈጠራ ነው፤ ለአንድ ፈጠራ ሁለት መብት አይሰጥም። በሁለተኛው ላይ የተጨመረው ሰያፍ ዐይንም አዲስ ነገር ሊባል አይችልም፤ በፊተኛው ማመልከቻ መጨረሻ ገጽ ላይ «ለእድፍ ሌላ ዐይን በሰያፍ ማቆም ይቻላል» የሚል መስመር አለና። ደግሞም አንደኛው ሁለት ፈጣሪ፣ ሌላኛው አንድ ፈጣሪ ይላል። አመልካቾቹ በሦስት ወር ውስጥ አንዱን ይምረጡ፣ አለበለዚያ ሁለቱም ይቀራሉ።

ያቺን መስመር ሲያነብ ትዝ አለኝ። ማመልከቻውን በጨረስንበት እሑድ፣ አብዲ አፉ በፈቲራ እንደተሞላ፣ «ለዘይቱ ሌላ አንዷን ጠመም አድርገን ብናቆምስ?» ብሎኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ በሚላከው ቅጂ መጨረሻ ላይ ጫር አድርጌው ረሳሁት፤ ግልባጩን የጻፍኩበት ረቂቅ ላይ አልነበረችም። የራሴ ያልኩት ሐሳብ የእሱ ነው። ይህን የነገረኝ ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ ድሬ ዳዋ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ነው።

አብዲ ደብዳቤውን አጠፈው።

«ሁለተኛይቱን መቼ ፈረምካት?»

«ደቻቱ የሞላ ጊዜ።»

«ደቻቱ ስንት ቀን ሞላ?»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠበቃው የላካቸውን ሁለት ቅጾች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሁለተኛውን ለመሰረዝ የኔ ፊርማ ብቻ ይበቃል፤ የፊተኛውን ለማስቀጠል የሁለታችንም ያስፈልጋል። የበረንዳውን ደረጃ ወርዶ ዞር አለና፣

«መልሷን ጻፋት አቦ። ፊርማ ስትፈልግ ቤቴን ታውቀዋለህ» ብሎኝ ሄደ።

የመሰረዣውን ቅጽ በዚያው ቀን ፈርሜ በማግስቱ ላክሁ። ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። በሌላኛው ቅጽ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ በላይኛው ላይ ፈረምኩ። የቀረው ወደ መጋላ መሄድ ነው። ከበረንዳዬ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

የመጀመሪያውን እሑድ አልሄድኩም። በሁለተኛው ልብሴን ለብሼ ወጣሁና እስከ አሸዋው መሐል ደረስኩ። ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጡ ሴቶች ዳር ላይ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ይሸጣሉ። አብዲን ምን ብዬ እንደምጀምረው ሳስብ፣ እናቱ ሻይ ስታቀርብልኝ ፊቷን እንዴት እንደማየው ሳስብ፣ ቆሜ ቀረሁ። ፍሬውን ገዝቼ ተመለስኩ። ሽታው ክፍሌን ሞልቶት ሰነበተ፤ አንዱንም አልበላሁትም። ጥር ላይ ደግሞ ብልጠት የመሰለኝን አደረግኩ፤ ቅጹን መጋላ በሚኖር አንድ የፋብሪካ ባልደረባዬ እጅ ላክሁት። ሰውዬው በማግስቱ መልሶ አመጣልኝ።

«ሰላም ብሎሃል» አለኝ። «ፊርማዬን አልከለክለውም፣ ባለቤቱ ራሱ ይዞ ይምጣ ብሏል። እናትየው ሻይ ሰጠችኝ፤ ለምን ጠፋ ትላለች።»

ከዚህ በላይ በር ለሰው አይከፈትም። እኔ ግን አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ሦስቱ ወር አለቀ፤ የፊተኛውም ማመልከቻ ቀረ። ያን ዓመት አብዲ በራሱ ጥያቄ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። የነገረኝ ያው ባልደረባዬ ነው። ከዚያ በኋላ እሑድ ቀን ምን እንደሚደረግበት ጠፋኝ። ሻይ ሳፈላ ለሁለት ሰው እያፈላሁ፣ የተረፈውን እደፋ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ፋብሪካችን ከውጭ አገር የመቆጣጠሪያ ማሽን አስመጣ። ሣጥኑን ከፈቱት። ከላይ አንድ ዐይን አለው፤ በጎኑ በሰያፍ ሌላ አንድ። እንድሠራበት የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ በዐይኔ ስለደከምኩ አዘኑልኝ። ደወሉ ቅጭል ባለ ቁጥር፣ አብዲ የመጣ ይመስል ቀና እያልኩ በሩን አይ ነበር። አብዲ ጅቡቲ እንዳረፈ የሰማሁት በጣም ዘግይቼ፣ ከአንድ ነጋዴ ነው። እናቱን ለቅሶ እንዳልደርሳት እሷም ካረፈች ቆይታ ነበር።

ከባንኩ ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ እስከ ድልድዩ ወረድኩ። ከታች አሸዋው ላይ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ያልፋሉ፤ አንዱ ወጣት ጫማው እንዳይቆሽሽ አውልቆ በእጁ ይዟል። ቤቴ ገብቼ ቅጹን አወጣሁ። የላይኛው መስመር ላይ ፊርማዬ አለ፤ ቀለሙ ደብዝዟል። የታችኛው ባዶ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ለምን ብቻህን ፈረምክ የሚለኝ ቢኖር ደቻቱ ሞልቶብኝ ነው እለዋለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ስለዚህኛው ወረቀት ለሚጠይቀኝ ግን በደቻቱ ላሳብብ አልችልም። ከኅዳር እስከ የካቲት ደቻቱ አንድም ቀን አልሞላም።