ስድስቱ የሚሰምጡ ድንጋዮች

ግትር ሰው ነኝ። ይህን የምለው ራሴን ለመውቀስ ያህል ብቻ አይደለም፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ ላይ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ድንጋይ መጥረብና መግጠም የተማርኩት እዚያ ነው። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነበር፤ ግቢያችን ከሰኔ እስከ መስከረም ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ ነበር።

አንድ ነሐሴ ባለቤቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ላይ አዳለጣትና ከነእንስራዋ ወደቀች። እንስራው ብትንትኑ ወጣ፤ እሷም ወገቧን ታማ ሁለት ሳምንት ተኛች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ለከርሞ እዚህ ግቢ ውስጥ ጭቃ ከረገጥሽ ሰው አትበይኝ» አልኳት። «እንስራዬንስ ማን ይተካልኛል?» አለችኝ። ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ጳጉሜ ሳይወጣ ሥራ ጀመርኩ። ድንጋዩን ከበሬሳ ወንዝ ዳር በአህያ አስመጣሁ። ከሥራ መልስና በዓል ባልሆነ ቀን ሁሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በመዶሻና በመሮ አራት ማዕዘን እያደረግሁ እጠርባለሁ። ጎረቤት ሁሉ የመሮዬን ድምፅ ለመደው። ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያል፤ እኔም ያ እንዲሆን እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ከማድ ቤት ኋላ ባለው አንገቱ የተሰበረ ጋን ውስጥ የምድጃ አመድ ታጠራቅም ጀመር። ቀድሞ አመዱን በየጠዋቱ አጥር ጥግ ትደፋው ነበር።

«ይህ ሁሉ አመድ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለጎመኑ ነዋ።»

«ያለን ጎመን እኮ ከእጄ ጣት አይበልጥም» ብዬ ቀለድኩባት። ወደ ሥራዋ ሄደች።

ታኅሣሥ ላይ መሬቱን አስተካክዬ ጨረስኩና ሲባጎዬን ከበሩ እስከ ቤቱ ደረጃ ወጠርኩ። ያን ቀን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ነገር ሲኖራት እንደምታደርገው በአንድ እግሯ አፈሩን ነካ ነካ አደረገችው።

«እንዲያው እዚህና እዚያ ስድስት ቦታ ክፍት ቢተዉልኝ?»

«ለምን?»

«ለዳስ ቋሚ። ይቺ ልጅ ነገ ታድጋለች። ሁሉንም ድንጋይ ካለበሱት ዳሷን ምን ላይ እንተክላለን?»

የምታወራው ስለ አንዲቱ ልጃችን ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብረናል። ባለቤቴ ራሷ የተዳረችልኝ ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረ ጊዜ ነው፤ ዳስ ሳይጣል፣ ከበሮ ሳይመታ፣ በጓዳ በር ነው የወሰድኳት። ይህን አውቃለሁ። አውቄም የመለስኩላት የድንጋይ መልስ ነው።

«ክፍት ቦታ ከተተወ ውሃ ይገባበታል። ውሃ ከገባ ንጣፉ ሁለት ክረምት አይቆይም። ግቢዬን ወንፊት አላደርገውም።»

«ሰርጓስ?»

«ሜዳ ላይ ዳስ እንጥልላታለን። ሜዳው ምን አነሰው?»

«የኔ ልጅ ሜዳ ላይ ትዳር?» አለች። ሲባጎውን ማጥበቄን ቀጠልኩ። «እሺ፣ እንዳሉ» ብላ ገባች። ሁለተኛ አላነሳችውም። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

በሳምንቱ የአጎቴ ተዝካር ደረሰና አንኮበር ወረድኩ። አሸዋውን አንጥፌ፣ ድንጋዩን ከአጥሩ ሥር ደርድሬ ነበር የሄድኩት። አምስት ቀን ቆይቼ ስመለስ አሸዋው ከተውኩት ይበልጥ ተስተካክሎ ጠበቀኝ። «ዶሮ ጫረብን፤ እኛ ነን ያበጠርነው» አለችኝ። እጇ ተልጦ ነበር። አመሰገንኳት፤ እጅሽን ምን አገኘው ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። ለጥምቀት ንጣፉን ጨረስኩ።

የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ የደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ውሃው በድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ በቦዩ ይወጣል። ባለቤቴ እንስራዋን አዝላ፣ ቀና ብላ ትገባለች። ከበሩ ስትገባ ሆነ ብላ እግሯን ጠበቅ አድርጋ ትረግጥ ነበር፤ እንድሰማት ነው።

መስከረም ሲጠባ ግን ስድስት ድንጋዮች ሰምጠው አገኘኋቸው። ሁለት ጣት ያህል ወርደዋል፣ ውሃ ቋጥረዋል። በጣም ተናደድኩ። አንድ በአንድ ፈነቀልኳቸው፣ ከሥር ካለው አሸዋ ላይ ጠጠር ጨመርኩ፣ ደቀደቅሁ፣ አሸዋ አልብሼ መልሼ ገጠምኳቸው። በዓመቱ ያው ስድስቱ ሰመጡ። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ። መንገድ ላይ የገጠምኩት ድንጋይ መኪና ተሸክሞ አይነቃነቅም፤ የገዛ ግቢዬ እንዲህ ሲያሾፍብኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

«ፍልፈል ይሆናል» አለች ባለቤቴ አንድ ቀን፣ ውሃ እያቀበለችኝ።

አመንኳት። አንድ ወር ሙሉ ለፍልፈል ወጥመድ አጠመድኩ። ልጃችን ወጥመዱን ሳይ ባየችኝ ቁጥር አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ትሮጥ ነበር። የልጅነት ሳቅ ነው ብዬ ተውኳት። እናም በየመስከረሙ በመደዳው መሃል የበቀለውን ሣር እነቅላለሁ፣ የተከፈተውን መጋጠሚያ በአሸዋ እሞላለሁ፣ ስድስቱን ድንጋይ እየረገምኩ አቃናለሁ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

ልጃችን አሥራ ስምንት ሲሆናት ታጨች። ሽማግሌ መጣ፣ ተስማማን፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔ ከከተማው ዳር ያለውን ሜዳ አይቼ መጣሁ። ባለቤቴ ጠላው የሚጠነሰስበትን ጋን እያጠበች ፈገግ አለችብኝ።

ኅዳር ላይ ብርዱ ደረቷን ወጋት። ሐኪም ቤት አደረስናት። መርፌ ተወጋች፤ አልያዘላትም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ያዘችና «የዳሱን ነገር…» አለች።

«ተይው አሁን፤ ደክሞሻል» አልኳት።

ያን ክርክር ልትመልስብኝ መስሎኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ እንዳልሸነፍ ነበር የፈራሁት። ዓይኗን ከደነች፤ ማታውን አረፈች።

በማግሥቱ የዕድሩ ሰዎች የለቅሶ ዳስ ሊጥሉ ቋሚና ሸራ ተሸክመው መጡ። አንዱ ድጅኖውን አንስቶ ንጣፉ ላይ አሳረፈው። ብረቱ ጮኸ፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቦታ ሞከረ፣ ያው ነው። እንደዚያ አድርጌ ነበራ የገጠምኩት። የዕድሩ ዳኛ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ይህ ድንጋይ የሚያስተክለን አይደለም። እንስበረው ወይስ ሜዳ ላይ እንጣለው?» አለኝ።

ሜዳ ላይ። ሚስቴን ከገዛ ግቢዋ አውጥቼ ሜዳ ላይ ላስለቅስላት ነው።

ልጄ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሰዎቹን አልፋ በሩ አጠገብ ካለው ከሚሰምጠው ድንጋይ ላይ ቆመች።

«እዚህ ነው፣ አባባ» አለች።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄደች። ወደ ሦስተኛው። ስድስቱንም እየረገጠች አሳየችን፤ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ፣ ልክ በዳስ ቋሚ አሰላለፍ። ስድስት ዓመት ስረግማቸው ስኖር እንዴት እንዲህ እንደተሰለፉ አላየሁም።

ድጅኖውን ከሰውየው እጅ ወስጄ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሴ ፈነቀልኩ። በየዓመቱ የጨመርኩት ጠጠር ወጣ። ከጠጠሩና ከአሸዋው በታች አመድ ነበር። እጄን ሰደድኩ፤ እስከ ክርኔ ገባ። ዙሪያው በዶማ የተቆፈረ፣ የተስተካከለ ጉድጓድ ነው። ተንበርክኬ አመዱን እየዛቅሁ አለቀስኩ፤ ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። ቋሚዎቹ ስድስቱም ቀጥ ብለው ገቡ። ለልጇ ሰርግ ባዘጋጀችው ጉድጓድ የራሷ የለቅሶ ዳስ ቆመ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ልጄ ሁሉንም ነገረችኝ። እኔ አንኮበር ሳለሁ ነው የቆፈሩት፤ እናቷ በዶማ እየቆፈረች፣ እሷ አፈሩን በቅርጫት እያወጣች። «ለምን በአመድ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አመድ በእጅ ይወጣል አለች። 'ለሰርግሽ አባትሽን በድጅኖ አላለፋቸውም፤ ያን ጊዜ ያረጃሉ' አለች። የሰርጉ ሳምንት ልትነግርዎት ነበር። እንዴት እንደሚናደዱ እያሰበች ትስቅ ነበር።»

ሰርጉ ለከርሞ ተላለፈ። ዳሱ ከዚያው ግቢ፣ ከእነዚያው ጉድጓዶች እንዲተከል ወሰንኩ፤ በዓመቱም እንዲሁ ተደረገ። እስከዚያው ግን ጉድጓዶቹን እሷ እንደሞላቻቸው ልሞላቸው ፈለግሁ። የድሮው አመድ በለቀስተኛው እግር ተበትኖ ስለነበር፣ የተሰበረውን ጋን ከማድ ቤቱ ኋላ አጥቤ አቆምኩና የምድጃውን አመድ በየጠዋቱ ማጠራቀም ጀመርኩ። እሳቱን የምታነደው ልጄ ናት፣ እንደ እናቷ አድርጋ።

አንዱን ጉድጓድ ለመሙላት ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀብኝ። ድንጋዩን መልሼ ገጥሜ ደረጃው ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጥኩና ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ስድስት ጉድጓድ አራት ወር ያህል ነው። እኔን የጠየቀችኝ ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ጉድጓዶቹን የሞላችው በሳምንቱ። አመዱን ማጠራቀም የጀመረችው ግን ወገቧ ሽሮላት ከአልጋ በተነሳችበት ሳምንት፣ እኔ የመጀመሪያውን ድንጋይ ስጠርብ ነው። እምቢ እንደምላት ያን ጊዜውኑ ታውቅ ነበር።

ያም ሆኖ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ምናልባት እሺ እላት እንደሆነ ብላ።