ውጭ ያደረው ጋቢ

እናቴ የሰው ልብስ ውጭ ማደር የለበትም ትል ነበር። ለምን ስላት መልስ የላትም፤ ብቻ ማታ ሱቅ ስንዘጋ አንዲት ነጠላ እንኳ ተሰቅላ ከቀረች ከመንገድ ተመልሳ ታወርዳታለች። ሸማ ተራ ያለችውን ሱቅ ትታልኝ ስታልፍ ይህን ፍርሃቷንም አብራ አወረሰችኝ።

ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ ደራሲው ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። በእኔ ዘመን ልብ ወለዳቸውን በደብተር ከልሎ ክፍል ውስጥ ያላነበበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ምግባቸውን የምትሠራላቸው ሴት ረፋድ ላይ መጥታ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ወዲህ ከዚያች አንዲት ክፍል አይወርዱም ነበር።

እኛ አንባቢዎቻቸው ብቻቸውን አልተውናቸውም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የምናስበው። እሑድ እሑድ ብርቱካንና ዳቦ ይዘን እንሄዳለን፤ ማታ ማታ በየተራ እንደውላለን። ጆሯቸው እየከዳቸው ሲመጣ ስልኩ ከንቱ ጩኸት ሆነ። ያኔ ነው ከመካከላችን አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የጋቢውን ዘዴ ያመጡት። ጋሼ ጠዋት ሲነሡ ጋቢያቸውን በረንዳው ላይ ይሰቅላሉ፤ ማታ ያስገባሉ። እኔ ከሱቄ አይቼ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እጽፋለሁ።

“በስተርጅና የሕፃን ጨርቅ ላሰጣ ነው በሉኛ” አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ “ማታ ካላስገባሁት ግን ኑ” አሉን። ሁላችንም ሰምተናል።

ዘዴው ሠራ፤ ከሚገባው በላይ ሠራ። ጠዋት “ጋቢው ወጥቷል” ብዬ እጽፋለሁ፤ “ተመስገን”፣ “እግዜር ይጠብቅልን” ይከተላል። አንዱ የአበባ ሥዕል ይልካል፣ ሌላው ከድሮ መጽሐፋቸው አንድ መስመር ይጠቅሳል። የማታው ግን የማንንም ቀልብ አልሳበም፤ ጋቢው ገባ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አላስታውስም። እሑዶቹም ሳሱ። መጀመሪያ ዝናብ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተቆፍሯል ተባለ፣ በኋላ ምክንያት የሚሰጥም ጠፋ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ፊት ለፊታቸው የምውለው እኔም ብሆን ደረጃውን የምወጣው አልፎ አልፎ ሆኖ ነበር።

ክረምቱ ሲከብድ አንድ ነገር ይረብሸኝ ጀመር። ጋቢው በየቀኑ እየዘገየ ይወጣል። ደግሞም እንደ ድሮው ተዘርግቶ ሳይሆን በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ነው፤ በአንድ እጅ የተሰቀለ ይመስላል። ይህንኑ ስጽፍ መምህሩ “ዋናው መውጣቱ ነው፤ ክፉ አታስቢ” አሉኝ። አላስችል ቢለኝ ወጥቼ አየኋቸው። ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጡትም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው “ለዚህች ብርድ?” ብለው ወሬውን ወደ ገበያው አዞሩት።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረና ተራው ሁሉ ሸራውን መሰብሰብ ያዘ። ሱቅ ስዘጋ ቀና አልኩ፤ ጋቢው በረንዳው ላይ ነው። ገና አልመሸም፣ ያስገቡታል ብዬ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ሚኒባስ ገባሁ። ቤት ስደርስ ግን ራት አልወርድ አለኝ። የእናቴ ነገር መጣብኝ። “ለመርካቶ የሚቀርብ ሰው ካለ ጋቢው መግባቱን ይይልኝ” ብዬ ለግሩፑ ጻፍኩ። “ጋሼ እኮ አይረሱም” አለ አንዱ። ሌላው ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ላከ። ዝናቡ ጣሪያውን እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠቀጠው።

ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ከአንባቢዎቹ አንዱ ጭማቂ ቤት አለው፤ ከአትክልት ተራ ፍራፍሬ ጭኖ ሲመለስ በዚያ አልፎ ኖሮ ፎቶ ልኳል። “የምሥራች፣ ጋቢው ዛሬ ከሁላችንም ቀድሞ ወጥቷል” ይላል። ፎቶውን አተለቅሁት። ጋቢው በውኃ ጠቁሮ፣ ከብዶ፣ ቁልቁል ተንዘርፍፏል። ዝናቡ ደግሞ ካባራ ቆይቷል። የራሰ ጋቢ አውጥቶ የሚሰቅል ሰው የለም። ውጭ አድሯል ማለት ነው።

ለመምህሩ ብደውል አያነሡም። ታክሲ ይዤ በረርኩ። ከፎቁ ሥር ጭነት የሚጠብቅ ተሸካሚ ነበር፤ ለምኜው አብሮኝ ወጣ። አንኳኳሁ፤ የት ይሰማሉ። ተሸካሚው በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተልኝ።

በረንዳው በር ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። በሕይወት ነበሩ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ተሸካሚው ታክሲ ሊያስቆም ሲወርድ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነጠላዬን አለበስኳቸው።

“ላስገባው ስል ነው” አሉ፤ ቃሉ እየተጎተተ። “ውጭ ሲያድር... ትመጣላችሁ ብዬ... በሩን ሳይ አደርኩ።”

ነጠላውን እስከ አንገታቸው ሳብኩላቸው። በዚህ መሐል ስልኬ ይበራ ጀመር፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ለጭማቂ ቤቱ ሰው ፎቶ መልስ የሚጽፉ ናቸው። ድምፁን ባይሰሙም ብርሃኑን አዩት።

“ማነው?” አሉኝ።

አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ፣ “አንባቢዎችዎ ናቸው፣ ጋሼ” አልኩ።

በዓይናቸው አምጪው አሉኝ። ልደብቀው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። መነጽራቸውን አድርጌላቸው ስልኩን ፊታቸው ያዝኩት። ቀስ ብለው አነበቡ። ተመስገን። ተመስገን። እግዜር ይጠብቅልን። ከበላዩ የራሳቸው ጋቢ ፎቶ አለ።

“ጥሩ ሰዎች ናቸው” አሉ። ዓይናቸውን ከስልኩ አንሥተው ደግሞ፣ “መጽሐፉን ሳይገልጡ ሽፋኑን አይተው ይመለሳሉ እንጂ።”

ሆስፒታል ገብተው ጥቂት ቀን ሰነበቱ፤ ሌላ ቃል ግን አልወጣቸውም። ቀብራቸው ላይ ሰው እንደ ጉድ ነበር። ለወራት ደረጃው ላይ ያላየኋቸው ሁሉ መጥተው አለቀሱ፤ እንባቸውም የእውነት ነበር። መምህሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡና የጋሼን የመጨረሻ ቃል ጠየቁኝ፤ ለሕዝቡ ሊያነብቡት ኖሯል።

“ጥሩ ሰዎች ናቸው ብለዋል” አልኳቸው። የቀረውን ዋጥኩት።