የአጎቴ አጥንት አደገ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ። ሙያውን ካርቱም ተምሬ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመለስኩ። ሰው ሥራዬን ፎቶ ማንሳት ይለዋል፤ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፎቶማ ማንም ያነሳል። የእኔ ሥራ መለካት ነው። ጉበት ላይ የታየው ጥላ ስንት ሚሊሜትር ነው? ማድመቂያው ፈሳሽ በደም ሥር ሲገባ ምን ያህል ይደምቃል? ካለፈው ጊዜ አድጓል ወይስ እንዳለ ነው? ሐኪሙ የሚወስነው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ያን ቀን መሣሪያው ውስጥ የተኛው አጎቴ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስላሳደገኝ አባዬ እለዋለሁ። ስድሳን አልፏል፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ቀኝ ጎኑን ያመው ስለነበር በግድ ጎትቼ አመጣሁት። ጉበቱ ላይ አርባ ሁለት ሚሊሜትር ጥላ አገኘሁ።

የስደተኛ ካርዱን ቁጥር ሳስገባ ደግሞ ያልጠበቅኩት ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ክሊኒክ ያነሳው ሥዕል። እዚያም ጉበት ላይ ጥላ አለ፤ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር።

«አባዬ፣ ተመርምረህ ነበር እንዴ? ምነው ሳትነግረን?»

ጣራውን አየ። «ረስቼው ነው» አለ።

ሐኪሙ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። የጥላው አደማመቅ ክፉ አይመስልም ነበር፤ በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ያደገ ነገር ግን በቀላሉ አይታለፍም። በመርፌ ናሙና እንውሰድ፣ ካንሰር ከሆነም ይቀደድ አለ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አጎቴ ግን የሌላ ሰው በሽታ የተነገረው ያህል ተረጋግቶ ተቀመጠ። እርጋታው አናደደኝ።

ካርቱም ያስተማሩኝ አንድ ልማድ አለ። በሁለት መሣሪያ የተነሱ ሥዕሎችን ከማወዳደር በፊት፣ በሰው ላይ የማይለወጥ ነገር ይለካል፤ መሣሪያዎቹ መስማማታቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። የወገቡን አምስት አከርካሪዎች ከላይ እስከ ታች ለካሁ። የዛሬው ከድሮው በሁለት ሴንቲሜትር ይበልጣል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የድሮው መሣሪያ አሳንሶ ይለካ ነበር ማለት ነው ብዬ። ግን በዚያ ሒሳብ ቢታረም እንኳ አሥራ ስምንቱ ሃያ ቢሆን ነው። ደስታዬ አልቆየም።

ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። አጎቴ በወጣትነቱ ከትራክተር ወድቆ ሁለት የቀኝ ጎድኖቹ ተሰብረዋል፤ ጠመው ነው የገጠሙት። ልጅ ሳለሁ እጄን ይዞ ያስዳስሰኝ ነበር። በዛሬው ሥዕል ላይ እንደ ጠመሙ ናቸው። በድሮው ሥዕል ላይ ሁሉም ጎድኖች ቀጥ ያሉ ናቸው።

አጎቴን ከውጭ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ያ ሥዕል ያንተ አይደለም። ካርድህን ለማን ሰጠህ?»

«በሚካኤል ምያለሁ። አልናገርም።»

«አጭር ሰው ነው። ጎድኑ ያልተሰበረ።»

አፍጥጦ አየኝ። ቆይቶ ሳቁ መጣ። «ኻላስ፣ በቃ! አንች በማሽንሽ ካየሽው እኔ ነገርኳት አይባልም።»

ሰውየው ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ በኩል የተሻገረ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ነበር። አጨዳው መሀል ሆዱን ሲያመው አጎቴ ብጣቃውን፣ የስደተኛ ካርዱን፣ ሰጥቶ በእኔ ስም ታከም አለው። ቢታወቅ ሰውየው ይባረራል፣ የአጎቴም ካርድ ይሰረዛል። ስለዚህ አጎቴ መርፌውንም ቢላውንም ሊቀበል ዝም አለ።

«ሆድህን ሊቀዱህ ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እና ልከዳው ኖሯል?» አለኝ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ቆይ፣ የዚያ ሰውዬ ጉበት ላይ ነገር ነበረ ነው የምትይኝ?»

ነበረ። ከሥዕሉ ጋር በሦስት ወር ይመለስ የሚል ወረቀትም ነበረ፤ በዓረብኛ የተጻፈ፣ በአጎቴ ስም። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም።

«መድኃኒት ስላልሰጡት ድኗል ብለን ደስ ብሎን ሄድን» አለ አጎቴ። ለራሱ ካንሰር ሊሆን ይችላል ሲባል ያልተለወጠው ፊቱ ያኔ ተለወጠ።

ስህተቱን ለሐኪሙ ነገርኩት። ጥላው ስለማደጉ ማስረጃ እንደሌለ ሲያውቅ አደማመቁን እንደገና አየ። ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሀል የሞላ፣ የድምቀት ቁጥሩም ከትልቁ የደም ሥር ጋር እኩል የሄደ ነው። የተጠላለፈ የደም ሥር ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል አለ። መርፌው ቀረ። በስድስተኛው ወር ስለካው ያው አርባ ሁለት ነበር።

አጎቴ ግን ስድስት ወር አልጠበቀም። በሳምንቱ ኒው ሀልፋ ወርዶ፣ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ሰውየውን ፈልጎ አመጣው። ሰውየው መታወቂያ ወረቀት እንደሌለው ለሐኪሙ ብነግረው «እኔ የማክመው ጉበቱን ነው፤ ስሙን ብቻ ጻፊ» አለኝ።

አስተኛሁትና መጀመሪያ ወገቡን ለካሁ። ከድሮው ሥዕል ጋር ልክ ነው። ከዚያ ጉበቱን ለካሁ። ሃያ ሦስት። አድጓል፤ ግን ገና ትንሽ ነው፣ ያለውም አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐኪሙ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፣ ደርሰንበታል አለ። ሰውየው ይህን ሲሰማ አጎቴ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ አጎቴም አብሮት።

የድሮውን ሥዕል ከፍቼ የአጎቴን ስም ሰረዝኩና የሰውየውን ጻፍኩበት። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ሰውየው ጠየቀኝ። ስሙን ከነአባቱ አነበብኩለት።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።