እያነሰ የሄደው የእጅ ጽሑፌ

ተክሉ እባላለሁ። ሰበታ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው የነርቭ ሥርዓትን ነው። በዚያ ሳምንት ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ባለቀለም ጠመኔ ይዤ ነው ክፍል የምገባው።

ሰሌዳው ላይ ሁለት የነርቭ ሕዋሳት አጠገብ ላጠገብ እስላለሁ። በመካከላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ፤ ሲናፕስ የሚባለው መገናኛቸው ነው። መልእክት የመጀመሪያው ሕዋስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ጥቃቅን ከረጢቶች ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቁና ተከፍተው የያዙትን ኬሚካል ክፍተቱ ውስጥ ያፈሱታል። ማዶ ያለው ሕዋስ ኬሚካሉን ሲቀበል መልእክቱ ይተላለፋል። ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ሰውነት ይዘገያል፣ ይገታተራል፤ ፓርኪንሰን ይባላል። ይህን ሁሉ ማስታወሻ ሳላይ ነው የምናገረው። በየዓመቱም «የፓርኪንሰን በሽታን አራት ምልክቶች ጻፉ» የሚል የፈተና ጥያቄ አወጣለሁ።

በሽታው እኔኑ ሲይዘኝ ግን አላወቅሁትም።

መጀመሪያ የነገረችኝ ዱርሲቱ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። መስመር ስጀምር ፊደሌ ትልቅ እንደሆነ፣ ወደ መጨረሻው ግን እያነሰ እንደማይነበብ በትሕትና አስረዳችኝ። ዓይኗን እንድትመረመር መከርኳትና ወደ ፊተኛው ወንበር አዛወርኳት። በሳምንቱ የክፍሉ ግማሽ አይታየንም ሲል ጠመኔው ጥራት እንደሌለው አስታወቅሁ።

በዚያው ሰሞን ክፍሉ ጸጥ ማለት ጀመረ። ገና በሩን ስከፍት ወሬው ይቆማል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግርማ ሞገስ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ለአዳዲሶቹ መምህራን ስለ ክፍል አያያዝ ምክር እስከ መስጠት ደረስኩ። ለካ ልጆቹን ያስፈራቸው ፊቴ ነው። ፈገግ ያልኩ ሲመስለኝ እንኳ ፊቴ አይንቀሳቀስም ነበር።

ባለቤቴ ገለቴ ስትራመድ የቀኝ እጅህ አይወዛወዝም ብትለኝ፣ ደብተር ስለምሸከም ነው አልኳት። አንድ ቀን ቡራዩ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የጣደችውን ድንች ወጥ አደራ አለችኝ። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ወጡ ከሰለ፤ ምንም አልሸተተኝም። ስትመለስ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ እኔ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። አልተቆጣችም። ድስቱን ውጭ አውጥታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ካስቀየምኩህ ንገረኝ» አለችኝ። «ስድስት ወር ሙሉ ስቀህልኝ አታውቅም።»

እኔ ግን እየሳቅሁላት ነበር የኖርኩት። ወደ ወረቀቶቼ ተመለስኩ።

ከላይ የነበረው የዱርሲቱ ወረቀት ነው። አራት ምልክት ጠይቄ አምስት ጽፋለች፦ የፊደል ማነስ፣ የፊት አለመንቀሳቀስ፣ የእጅ አለመወዛወዝ፣ የእርምጃ መዘግየት፣ ሽታ አለመለየት። ከሥሩ በእርሳስ ጽፋ በላጲስ ያጠፋችው መስመር ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅንቼ አነበብኩት፤ «ቲቸር፣ እባክዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ይላል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደነበር ብናገር ይሻላል። የተጠየቀችው አራት ነው ብዬ ግማሽ ነጥብ ቀነስኩባት። ከዚያ በኋላ ነው እጄ ላይ ያለውን ወረቀትና ውጭ የሚጨሰውን ድስት ያገናዘብኩት። አምስቱንም በራሴ ላይ አረምኳቸው። አንድም አልተሳሳተችም።

አዲስ አበባ የመረመረችኝ የነርቭ ሐኪም ዶክተር ኤልሳቤት ትባላለች። ጣቶቼን እያገናኘሁ እንድለያይ፣ ኮሪደሩ ላይ እንድመላለስ አደረገችኝና አንድ ዓረፍተ ነገር እንድጽፍ ጠየቀችኝ። «እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። «እኔ» አውራ ጣት ያህላል፤ «ነኝ» የምትለው ጤፍ አክላለች። ስለ ሲናፕስ ልታስረዳኝ ስትጀምር አቋርጬ ካልሲየሙን እንዳትረሳ አሳሰብኳት። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ካልሲየሙማ አለ፤ የሞቱት ሕዋሳቱ ናቸው» አለች። «በምርመራ የምናገኘው አብዛኛዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ኪኒኑ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን ይሆንልዎታል፤ የሞቱትን ግን አይመልስም።»

ያን ጊዜ የማስተካክለው ነገር አጣሁ። ዓለም ገና እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ገለቴ እጄን እንደያዘች ነበረች።

ኪኒኑን በጀመርኩ በሳምንቱ የማይሠራ መድኃኒት ነው ብዬ ተነሣሁ። ለካ ሐኪሟ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይውሰዱ ብላ ነበር፤ እኔ ይበረታልኛል ብዬ ከጥብስ ጋር ነበር የምውጠው። የሥጋው ፕሮቲን መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብባ የነገረችኝ ገለቴ ናት። ተማሪዎቼን መመሪያውን አንብቡ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ጮኼአለሁ።

በአግባቡ ስወስደው እጄ ፈታ አለ፤ ፊቴም በመጠኑ ተመለሰ። ለተማሪዎቼ የሆነውን ሁሉ፣ የግማሽ ነጥቧን ጉዳይ ጨምሬ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ሳቄም ታያቸው። ክፍሉ እንደ ድሮው መረበሽ ጀመረ። አሁን ሰሌዳው ላይ ተማሪዎች ይጽፉልኛል፤ መድኃኒቱ ከመድከሙ በፊት እንዲሆን ትምህርቴ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዘኝ ሌላ በሽታ ሰውን ሁሉ መመርመር ነው። እሑድ እሑድ ሐኪሟ ባዘዘችኝ መሠረት በመናገሻ መንገድ ከገለቴ ጋር በእግር እንሄዳለን። ባለፈው ወር ኦቦ ገርባ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ሊጨብጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መንገድ ዳር አስቀምጬ ስለ ከረጢቶቹ፣ ስለ ክፍተቱና ስለ ዶፓሚኑ ሳልደክም አስረዳኋቸው፤ ሐኪሟ ዘንድ ራሴ እንደምወስዳቸውም ቃል ገባሁ። አላቋረጡኝም።

«ልጄ፣ አንቱ ደግ ሰው ነዎት» አሉኝ ስጨርስ። «እኔ ግን ከማለዳ ጀምሬ የአጥር ድንጋይ ስሸከም ነው የዋልኩት።»

ገለቴ ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።