በክረምት ፀሐይ የተቃጠለች ሴት

ረሂማ ይማም ኮተቤ ውስጥ በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ታድል ነበር። በደርግ ጊዜ ሳሙና የሚያድል ሰው ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈሩ ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ሰላምታ የሚበዛላት እሷ ነበረች። ሠላሳን ትንሽ አለፍ ብላለች፤ ምላሷ ፈጣን፣ ሚዛኗ የማያጭበረብር ሴት ናት። የምታፍርበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ የተንጣለለው ማድያት። ለእሷ አገር ምድሩ የሚያየው እሱን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሰልፈኛው ዓይን ከሚዛኑ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

የአሰብ መስመር ሾፌሩ ሀሚድ ብቻ ከሚዛኑ ቀና አለ። እናቱ እማማ ዘሙሩድ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከላይ ሰፈር ብዙም አይወርዱም፤ ድርሻቸውን የሚወስደው እሱ ነበር። እየተመላለሰ ስኳር ሲወስድ፣ ስኳሩ ካለቀ በኋላም ያለ ምክንያት ሲመጣ፣ በመጨረሻ አንድ ቀን በሽቦው መስኮት በኩል ተናገረ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው። እናቴም አብራ መጥታ ታይሻለች።»

ረሂማ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ወዲያው ግን ጉንጯን በእጇ ሸፈነች። ሱቁ ጨለማ ነው፤ ይህ ሰው የወደደው በጨለማ ያያትን ሴት ነው። እናቱ የሚያዩዋት ደግሞ በጠራራ ብርሃን ነው። እሳቸው ካልወደዷት ነገሩ እዚያው ላይ ማለቁ ነው፤ ሀሚድ የእናቱ ልጅ ነውና።

ለዚህ ጭንቀት መፍትሔ ያመጣችው ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ አስካለች ናት። ከሣጥኗ ሥር አንዲት ቆርቆሮ ክሬም አወጣች። «ከአሰብ የገባ ነው፤ በማን እንደገባ አትጠይቂኝ» አለቻት። ክዳኑ ላይ አንዲት ነጭ ሴት ትስቃለች። ጽሑፉን ማንበብ የሚችል በሰፈሩ ስላልነበረ፣ አስካለች አጠቃቀሙን ከሴትዮዋ ፈገግታ ተረዳችው። ጠዋት በልብስ ሳሙና መፈግፈግ፣ ቀጥሎ ሎሚ ማሸት፣ ቀጥሎ ክሬሙን መቀባት፤ ማታም እንደዚያው። በአንድ ጊዜ፣ ሁሉንም።

ብዙም ሳይቆይ ፊቷ መለብለብ ጀመረ። ረሂማ ደንግጣ ስትሄድባት አስካለች ከሥራዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ ሳይላወስ ሲድን አይተሻል? ማቃጠሉ መሥራቱ ነው።»

ነገሩ አሳማኝ ነበር። ረሂማም ቶሎ እንዲሠራ ብላ ጨመር አድርጋ ተቀባች። ክሬሙ አላሳፈራትም፤ ጉንጮቿ ቀሉ፣ ግንባሯ ሽፍ አለ፣ አፍንጫዋ ዳር ዳሩን ተላጠ። ማድያቱማ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የት እንደገባ አልታወቀም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወልደ ኢየሱስ አያትና «ሁሉንም አቁሚ። ውሃና ቫዝሊን ብቻ። ቆዳ አዲስ ነገር ሲመጣበት ቀስ እያለ ነው የሚለምደው፤ አንቺ ሁሉንም ባንድ ቀን ጫንሽበት» አላት። ምክሩ በጣም ቀላል ስለነበረ ረሂማ ናቀችው።

በዚሁ ሰሞን የእንጦጦ ችግኝ ተከላ ደረሰ። መቅረት የሚባል ነገር የለም። ረሂማ ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ዓይኗን ብቻ አስቀርታ ከሕዝቡ ጋር ዳገቱን ወጣች። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ጉሙ ደግሞ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው እንዳያይ አድርጎታል። ሊቀመንበሩን ጓድ ኃይሉን ግን የተሸፈነ ፊት ለማየት ጉም አያግደውም።

«ምንድን ነው የሸፈንሽው? ግለጪው።»

ገለጠችው። በዙሪያዋ የነበሩት ሁሉ መቆፈራቸውን ተዉ። ኮንትሮባንድ ክሬም ነው እንዳትል ሱቁም ሥራውም ይቀራል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ጭንቅ ሲላት አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«ፀሐይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ውሃ ከኮፍያው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጓድ ኃይሉ ፊቷን አየው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያችሁ፣ ጓዶች? ለቆዳዋ ሳትሳሳ ለእናት አገሯ በፀሐይ የተቃጠለች ሴት ማለት ይህች ናት!» ሕዝቡ በዝናብ እንደራሰ አጨበጨበ። ወደ ሰማይ ቀና ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ፎቶግራፏ «የቀበሌያችን ኮከብ» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ቀይ ነጠብጣቦቿ ሳይቀሩ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ግን ደርሶ ማንም ሳይመጣ አለፈ። ሀሚድ አሰብ ወርዷል፤ የሚጠየቅ የለም። ሰፈርተኛው ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። «ጭነቱ መሀል ምን እንደሚደብቅ የማይታወቅ ሾፌር ቤቱ ካድሬ ያስገባል እንዴ?» ተባለ። ረሂማ አለቀሰች። እንባው ጨው ነውና ልቅሶው ራሱ ፊቷን አቃጠላት፤ በደንብ እንኳ ማልቀስ አልቻለችም።

በመጨረሻ ቆረጠች። ቆርቆሮዋን ነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ላይ ሰፈር ወጣች። እውነቱን ለእማማ ዘሙሩድ ብትነግራቸውና ወሬው ቢወጣ፣ ከኮከብነት ወደ እስረኛነት መውረድ የአንድ ከሰዓት ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። ባትነግራቸው ግን ሀሚድን አጣች ማለት ነው። ሁለተኛው ባሰባት።

እማማ ዘሙሩድ መስኮቱን ዘግተው፣ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ጠቅልለው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ኮከቧ አንቺ ነሽ?» አሉ።

«ኮከብ አይደለሁም፣ እማማ።» ረሂማ ቆርቆሮዋን ፊታቸው አኖረችው። «ወላሂ ፀሐይ የሚባል አልነካኝም። ያቃጠለኝ ይህ ነው። እርስዎ ሲያዩኝ አምሬ እንድገኝ ብዬ ነው የተቀባሁት። ከፈለጉ ለቀበሌ ይንገሩብኝ። ካድሬ ናት ብለው ብቻ አይተዉኝ።»

እማማ ዘሙሩድ ቆርቆሮዋን አንሥተው የምትስቀዋን ሴት አፍጥጠው አዩዋት።

«ካድሬ ናት ያለሽ ማነው?»

«ሰው ሁሉ።»

«እኔ ብያለሁ?»

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደዱና ቀስ አድርገው ፈቱት። ጉንጫቸው ተልጧል፣ ግንባራቸው ሽፍ ብሏል፣ አገጫቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ይህንኑ ክሬም ሀሚድ ነው ያመጣልኝ» አሉ። «የሙሽራው እናት አረጀች እንዳልባል ብዬ ተቀባሁት። ሽማግሌዎቹን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ፊት ይዤ ሙሽራ ለማየት ልምጣ?»

ረሂማ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ የራሷን ጉንጭ ነካች።

«በቀን ስንቴ ነበር የምትቀቢው?» ብለው ጠየቁ እማማ ዘሙሩድ።

«ሁለቴ።»

«እኔ ሦስቴ።»

ሁለቱም ሳቃቸው መጣ፤ ግን መሳቅ ያማቸው ስለነበር፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ይዘው ተያዩ።